«አሻራ» የሚለው ቃል ከዐቅሙ በላይ ሲጫን፤ በከሳሚ ኮከቦች ዙሪያ ስላሉ ሞለኪውሎች አጠራር የቀረበ ሂስ

የሥነ ፈለክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ አዘውትረው ከሚያጋጥሙን ቃላት አንዱ «አሻራ» ነው። በዕድሜያቸው ማብቂያ ላይ የደረሱ ኮከቦችን ከከበበው ጋዝና ትቢያ የሚመጣው ብርሃን በተተነተነ ጊዜ የኦርጋኒክ ሞለኪውሎች አሻራ ተገኘበት ይባላል። አንባቢው ከዚህ የሚረዳው ግልጽ ነው። የጣት አሻራ የአንድ ሰው ብቻ ነውና፣ ሞለኪውሉ የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ ታውቋል ማለት ነው። ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ቃሉ እስከ የት ድረስ በትክክል እንደሚያገለግልና ከየት ወዲያ እንደሚያሳስት በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን፤ መንገዳችንንም ከእርሱ ጋር ተያይዘው ስለሚመጡ ጥቂት ቃላት የሚሰማንን እንናገራለን።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ በእንጦጦ ጋራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የምርምር ማዕከሉም በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያ ጋራ ላይ የኮከብን ብርሃን መተንተን የሚማር ወጣት ትምህርቱን የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ከተማ ወርዶ ለቤተ ሰቡ ወይም ለጋዜጠኛ ሲያስረዳ ግን በአማርኛ ይናገራል፤ ቃል የሚቸግረውም ያን ጊዜ ነው። (ኅዋም ጠፈርም እያሉልን ተቋሞቻችን «ስፔስ» በሚል ስም መጠራታቸው ችግሩ ከበር እንደሚጀምር ያሳያል።)

የብርሃን ትንተና የተመሠረተበት ነገር ቀላል ነው። የጋለ ስስ ጋዝ የሚሰጠው ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ በተወሰኑ ስፍራዎች ላይ ብሩህ መስመሮች ይታያሉ፤ የየንጥረ ነገሩም መስመሮች አቀማመጥ የራሱ ነው። እነዚህን «የልቀት መስመር» ማለት እየተለመደ መጥቷል። ይህ አጠራር ከ«ለቀቀ» የወጣ ቢሆንም ከ«ላቀ» የሚመጣውን «ልቀት» ስለሚያስታውስ አንባቢው የብልጫ መስመር ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። «ብሩህ መስመር» ብንል፣ ብርሃን ሲዋጥ ለሚታየው ተቃራኒውም «ጥቁር መስመር» ብንል ምን ይጎድላል? የጥንቶቹ ተመልካቾች ያዩትም ይህንኑ ነበር።

ለአቶም «አሻራ» ማለት ተገቢ ነው። ሆኖም በዚህም ቢሆን መቸኮል ምን እንደሚያስከትል ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚጠቅም ታሪክ አለ። ዊልያም ሐጊንስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1864 «የድመት ዐይን» የሚባለውን ኔቡላ ሲመለከት በምድር ከሚታወቅ ከማናቸውም ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥሙ አረንጓዴ መስመሮች አገኘ። ከጊዜ በኋላ «ኔቡሊየም» የሚል ስም ወጣ፤ ስሙም በመጻሕፍት ገብቶ እንደ ማንኛውም ንጥረ ነገር ስም ይጠቀስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1927 ግን አሜሪካዊው አይራ ቦወን በ500.7 እና በ495.9 ናኖሜትር ላይ የሚገኙት እነዚያ መስመሮች ሁለት ኤሌክትሮን ያጣው ኦክስጅን፣ በእጅግ ስስ ጋዝ ውስጥ ሲሆን፣ የሚሰጣቸው መሆናቸውን አስረዳ። መስመሩ እውነት ነበር፤ ስሙ ግን የተሰየመለት ነገር አልነበረውም። እንቆቅልሹ እስኪፈታ 63 ዓመት ፈጅቷል። የእነዚህ መስመሮች ብርሃን በዐይን የሚታይ በመሆኑ እንደ እንጦጦ ባለ ስፍራም የሚጠና ነው።

ወደ ሞለኪውሎች ስንመጣ «አሻራ» ይበልጥ ይከብደዋል። ጊሌት፣ ፎረስትና ሜሪል እ.ኤ.አ. በ1973 እንደ ኤንጂሲ 7027 ባሉ ኔቡላዎች ብርሃን ውስጥ፣ ከቀይ ወዲያ ባለው በዐይን በማይታየው ክፍል፣ በ11.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ሰፋ ያለ ብሩህ ሰንበር ማየታቸውን አስታወቁ። ከጊዜ በኋላ በ3.3፣ በ6.2፣ በ7.7 እና በ8.6 ማይክሮሜትር ያሉት ተጨመሩ። ሊቃውንቱ ለብዙ ጊዜ ሲጠሯቸው የነበረው «ያልተለዩት» እያሉ ነው። ይህን ስም እናደንቃለን፤ የሚያውቁትን ያህል ብቻ የሚናገር ስም ነውና። እ.ኤ.አ. በ1984 ሌዤና ፒዩዤ፣ በ1985 ደግሞ አላማንዶላ፣ ቲለንስና ባርከር ምንጫቸው ብዙ ቀለበት ያላቸው የካርቦንና የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ሞለኪውሉ ከኮከቡ ላዕላይ ሐምራዊ ብርሃን ይቀበላል፤ ይግላል፤ ይንቀጠቀጥና የተቀበለውን ጕልበት በእነዚህ ሰንበሮች ይመልሳል።

ልብ ሊባል የሚገባው የሚንቀጠቀጠው ምን እንደ ሆነ ነው። የ3.3ቱ ሰንበር በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ማሰሪያ ሲሳብና ሲመለስ የሚፈጠር ነው፤ የ11.3ቱም የዚያው ማሰሪያ ከቀለበቱ ገጽ ወጥቶ መታጠፍ ነው። ይህ ማሰሪያ በአያሌ ሞለኪውሎች ውስጥ ይገኛል። ከግድግዳ ባሻገር የክራር ጅማት ሲመታ የሰማ ሰው «ይህ ክራር ነው» ሊል ይችላል፤ የማን ክራር እንደ ሆነ ግን በአንድ ጅማት ድምፅ አያውቅም። ስለዚህ እነዚህ ሰንበሮች የሚነግሩን የሞለኪውሉን ወገን እንጂ ሞለኪውሉን አይደለም። ወገኑም ራሱ ያላከራከረ አይደለም፤ ሰን ኩዎክና ዮንግ ዣንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ምንጩ ነጻ ሞለኪውል ሳይሆን ቀለበትና ሰንሰለት የተደባለቁበት ሥርዐት የለሽ ጠጣር ቅንጣት ነው ብለው ተከራክረዋል። ይህን ሁሉ ክርክር «አሻራው ተገኘ» በሚል አጭር ዐረፍተ ነገር የሚዘጋ ተርጓሚ ደራሲው ያላለውን ይናገራል።

በአንጻሩ ቃሉ በሙሉ መብት የሚገባበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ያን ካሚና ባልደረቦቹ በስፒትዘር የኅዋ ቴሌስኮፕ በተገኘ መረጃ ቲሲ 1 በተባለ ኔቡላ ውስጥ 60 የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተገጣጠሙበትን ፉለሪን መለየታቸውን አስታወቁ። ኳሱ እጅግ የተመጣጠነ ቅርጽ ስላለው ብርሃን የሚሰጥባቸው ሰንበሮች በ7.0፣ በ8.5፣ በ17.4 እና በ18.9 ማይክሮሜትር ያሉት አራቱ ብቻ ናቸው፤ አራቱም በየቦታቸው ተገኙ። እንደዚሁም በአሰድ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ባለው፣ አይአርሲ+10216 በሚባለው ያረጀ የካርቦን ኮከብ ዙሪያ ብዙ ሞለኪውሎች በሬድዮ ሞገድ አንድ በአንድ ተለይተዋል፤ ሞለኪውል ሲሽከረከር የሚሰጣቸው መስመሮች በመላ ቅርጹና በክብደቱ አሰላለፍ ይወሰናሉና።

ችግሩ ከ«አሻራ» ይልቅ «ለየ» በሚለው ግስ ላይ ይመስለናል። ይህ ግስ መክፈልንም መምረጥንም ማንነትን ማወቅንም አንድ ላይ ይሸከማል። በክረምት ማለዳ ከየካ ወይም ከእንጦጦ በጉም ውስጥ ወደሚወርድ ሰው ብንመለከት መጀመሪያ የምናየው አንድ ነገር መኖሩን ነው፤ ቀጥሎ እንጨት የተሸከመች ሴት መሆኗን፤ በመጨረሻ ስትቀርብ እገሊት መሆኗን። የጨረር ተመራማሪውም ሦስት ደረጃ አለው፤ አማርኛውም ሦስት አጠራር ሊኖረው ይገባል። ለመጀመሪያው «መኖሩን ማየት»፣ ለሁለተኛው «ወገኑን ማወቅ»፣ ለሦስተኛው ብቻ «መለየት» እንላለን። ቃላቱ አዲስ አይደሉም፤ አዲስ የሚሆነው ድንበራቸውን መጠበቁ ነው። «አሻራ»ም በሦስተኛው ደረጃ ይቀመጥ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በችግኝ ተከላ ምክንያት «ትቶት የሚያልፍ ምልክት» የሚለው ፍቺ እየሰፋ መሄዱን እናውቃለን፤ በሳይንስ ጽሑፍ ግን አንባቢው ቶሎ የሚያስበው ጣትን ነው።

«ኦርጋኒክ» ሌላው ወጥመድ ነው። በገበያ ኦርጋኒክ ቡናና ኦርጋኒክ ማር አሉ፤ ትርጉሙም ያለ ኬሚካል የተመረተ ማለት ሆኗል። «ሕይወታዊ» ብለው የሚተረጕሙት ደግሞ በኮከብ ዙሪያ ነፍስ ያለው ነገር ተገኘ የሚል ወሬ ያስነሣሉ። ኬሚስቱ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ካርቦን ዋና ዐምዱ የሆነ ሞለኪውል ማለቱ ነው። ስለዚህ «ካርቦናዊ» ብንመርጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን የመሰሉት በሌላ በኩል መቅረታቸውን በፍቺው ውስጥ መጻፍ ይበቃል።

«አሮማቲክ»ን «ባለ መዓዛ» ማለትማ ፈጽሞ አይገባም። ስሙ በ19ኛው መቶ ዓመት ከሽታ ተነሥቶ ቢሰጥም ዛሬ የሚያመለክተው የቀለበቱን አሠራር ነው። ይልቁንስ የእነዚህን ሞለኪውሎች ወገን አንባቢያችን ከቤቱ ያውቀዋል። ከእንጦጦ ወርዶ በሽሮ ሜዳ በኩል ከተማ የሚገባው የባሕር ዛፍ ጭራሮ በምድጃ ሲነድ የሚወጣው ጢስ እነዚህን ሞለኪውሎች ይዟል፤ ከጣራው ሥር የሚንጠለጠለው ጥቀርሻም እንዲሁ። «በከሳሚ ኮከብ ዙሪያ የጥቀርሻ ዘመዶች አሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከሁለት ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል።

ከላይ «ከሳሚ ኮከብ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። «ሟች» ያለቀለትን ሰው ያስታውሳል፤ «የሚሞት» ደግሞ አሁን ይሁን ወደ ፊት አይለይም። እሳት ሳይነፍሱበት ቀስ በቀስ ሲደክም ከሰመ እንላለን፤ የውጪ ሽፋኑን እያጣ የሚቀዘቅዘውም ኮከብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ፕላኔታዊ ኔቡላ»ን በተመለከተ ስሕተቱ የእኛ አይደለም፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዊልያም ኸርሸል በመነጽሩ ክብ ሆነው ስለ ታዩት የሰጠው ስም ነው እንጂ ከፕላኔት ጋር ዝምድና የለውም። የሌላውን ስሕተት በታማኝነት መተርጐም ግዴታችን ስላልሆነ «የከሳሚ ኮከብ ጉም» ማለትን እንመርጣለን።

የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ከእነዚህ ግኝቶች አንዳንዶቹ ገና አልተደረሰባቸውም ነበር፤ ስለዚህ አዘጋጆቹን የምንወቅስበት ምክንያት የለም። ለሚቀጥለው እትም ግን «ሰንበር» እያልን ያሳለፍነው ቃል መወሰን አለበት። «ባንድ» ብሎ መዋስ አይመችም፤ በጽሑፍ «በአንድ» ከሚለው አጭር አነጋገር ጋር ይጋጫል፤ በንግግርም ሙዚቀኞችን ያመጣል። «ሰንበር» የጅራፍ ምልክት ስለሆነ ቁስል ይሸታል። ሕዝቡ ቀስተ ደመናን «የማርያም መቀነት» ይለዋልና ስፋት ላለው ብሩህ ክፍል «መቀነት»፣ ለቀጭኑ «መስመር» ማለት ይቻላል። የፉለሪኑ አራት ብርሃኖች በዚህ ክፍፍል መቀነት ይሆናሉ፤ የቦወን ኦክስጅን መስመር ይሆናል። በሁለቱ መካከል የሚወድቁትን በተመለከተ የፊዚክስ ሰዎች የስፋት ልክ ቢሰጡን ፍቺውን በቍጥር እንጽፈዋለን።