ስለ ዶክተር ዶብሰን የልጅ አስተዳደግ ምክር

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዶክተር ጄምስ ዶብሰን (በ2025 እ. ኤ. አ. ያረፉት) በ1970 «ዴር ቱ ዲሲፕሊን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1977ም «ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ» የተባለውን ወንጌላዊ ማኅበር መሥርተው ስለ ትዳርና ስለ ልጅ አስተዳደግ በራዲዮ አስተማሩ።

መጽሐፉ ሆን ብሎ የሚያምፅ ልጅ በልኩ እንዲመታ ይመክራል። በጎ ጎኑን አንክድም፤ በቁጣ መምታትን ይነቅፋል፣ ከቅጣት በኋላም ልጁን ማቀፍ እንደሚገባ ያሳስባል። አለንጋን እንጂ ማቀፉን ለለመደ ወላጅ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ይሁን እንጂ ምክሩ በምን ላይ እንደ ቆመ እንጠይቃለን። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ብቻ ከሆነ የእምነት ጉዳይ ነው፤ በሥነ ልቡና ላይ ከሆነ ግን ሊመረመር ይገባዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 መረጃዎቹን ተመልክቶ፣ ልጅን መምታት እንደሚጎዳ በመግለጽ ወላጆች እንዲተዉት መክሯል።

ስለዚህ እምነትና ዕውቀት በአንድ ሰው አንደበት ሲነገሩ አንዱ ለሌላው ዋስ ሊሆን አይችልም። ወላጅ ሁለቱን ሳይለይ ቢቀበል፣ የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው ልጁ ነው።