የሕፃናት የቃል ጨዋታና የመዝገበ ቃላት ሥራ

ከሕፃናት አንደበት የሚሰማውን ያልተለመደ ቅርጽ ሁሉ «ስሕተት» ብሎ ማለፍ በትምህርት ቤትም ሆነ በመዝገበ ቃላት ሥራ ልማድ ሆኗል። ይህ ስያሜ ሊመረመር ይገባዋል።

አንድ ሕፃን ጓደኛውን ሲጠራ «ና» በማለት ፈንታ «ምጣ» ቢል መምህሩ ያርመዋል፤ ማረሙም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ «አትሂድ» እና «ሂድ»ን አነጻጽሮ፣ ከ«አትምጣ» ላይ «አት-»ን በመግፈፍ «ምጣ»ን ቢያወጣ፣ ሕግ ተከተለ እንጂ ሕግ አላፈረሰም። ከሕጉ ያፈነገጠው «ና» ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ጂን በርኮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁትን የፈጠራ ቃል በእንግሊዝኛ ሕግ ሲያረቡ ማሳየታቸው ይህንኑ ያጠናክራል።

በጨዋታም የሚታየው ይኸው ችሎታ ነው። በጽሑፍ የጨዋታው ስም «እንቆቅልሽ» ሆኖ ረግቷል። በልጆች አፍ ግን ወንድ ሲጠየቅ «እንቆቅልህ»፣ ሴት ስትጠየቅ «እንቆቅልሽ» ይባላል፤ መላሹም እንደ ጠያቂው ጾታ «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ይላል። ስለሆነም በጽሑፍ ደርቆ የቀረው ስም በጨዋታው ውስጥ እንደ ግስ ይረባል። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይከተላል። በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር የሲግናል ልጅ ሰፈሩን መስጠት ቢፈልግ «ሲግናልን ሰጠሁህ» ይላል፤ ከባዕድ ቋንቋ የመጣውን ስም ያላንዳች ችግር የተሳቢ ምልክት ያለብሰዋል።

«የወፍ ቋንቋ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። በቃሉ ቀለማት መካከል ባዕድ ድምፅ እየሰነጉ ለመነጋገር፣ ቃሉን አስቀድሞ በቀለም መከፋፈል ያስፈልጋል። ይህም ለንባብ መሠረት የሚሆን ችሎታ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር ደንግጎ ነበር። ክፍሉ ፊደል በዜማ ከማስቆጠር ካላለፈ ግን፣ ልጁ ከደጅ ይዞት የመጣው ዕውቀት ከደጅ ይቀራል። ጨዋታው ሲረሳም የቃሉ እርባታ አብሮ ይጠፋል፤ ከጽሑፍ ብቻ የሚለቅም መዝገበ ቃላትም ሊያተርፈው አይችልም።

በመሆኑም ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በማመሳሰል የተገኘ ቅርጽ ከተራ ስሕተት ተለይቶ የራሱ ስያሜ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ቃላት ሰብሳቢዎች ወደ ልጆች መጫወቻ ሜዳም ይውረዱ፤ «እንቆቅልህ» እና «እንቆቅልሽ»ም ከነአገባባቸው ጎን ለጎን ይመዝገቡ።