ጋቢ የማያሞቀው እንስሳ

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚሠራውን ጋቢ ዋጋ የጉለሌ ሰው በኅዳር ሌሊት ያውቀዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ሲገባ፣ አራት እጥፉን ለብሶ የተኛ ሰው እሳት ሳያሻው ያድራል። ዘንዶ ግን ጋቢ ቢደርቡበት አይሞቀውም። ጋቢ የሚያሞቀን ሰውነታችን ያመነጨውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይልን ነው፤ ዘንዶ ሙቀቱን የሚለቅመው ከፀሐይ፣ ከድንጋይና ከጉድጓድ ነው። በጉለሌ ዘንዶ ላሳድግ የሚል ሰው ሙያው የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ በደጋ ቤት ውስጥ አንዲት ስንዝር ቆላ መፍጠር።

ከሁሉ በፊት የትኛው ዘንዶ? የሚለውን መመለስ ያስፈልጋል። የአገራችን ዘንዶ፣ ጋምቤላና ኦሞን በመሳሰሉ ቆላዎች የሚኖረው፣ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝምና ሚዳቋ የሚውጥ ነው። የቤት እንስሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 በካናዳዋ ካምቤልተን ከተማ፣ ከማቆያው ያመለጠ የዚህ ዝርያ ዘንዶ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾችን በተኙበት ገድሏል። ሕጉም አለ። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር አይቻልም። የዘንዶ ወገን በሙሉ ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በተቀላቀለችው ዓለም አቀፍ የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ነው።

በዓለም ዙሪያ በብዙ ቤቶች የሚገኘው ሌላ ነው፤ ቦል ፓይተን የሚባለው፣ ሲፈራ ራሱን እንደ ኳስ የሚጠቀልል የምዕራብ አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይዘልም። ዕድሜው ግን ረጅም ነው። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የኖረች አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 ሰባት እንቁላል ጥላለች። ዘንዶ የሚያሳድግ ሰው ልጁ አድጎ ትዳር እስኪይዝ ድረስ የሚዘልቅ ኃላፊነት ይቀበላል።

በእኛ ትረካ ዘንዶ ኃያል ነው። አንዱ አርዌ ነው፣ ሕዝብ የገበረለት ንጉሥ፤ ሌላው አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣው ነው። አሳዳጊ በየቀኑ የሚያየው ዘንዶ ግን ዓይናፋር ነው። በዱር ቀኑን ሌላ እንስሳ በተወው ጉድጓድ ወይም በኩይሳ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል። ስለዚህ የሚኖርበት ሳጥን ሰፊ ከመሆኑ በላይ ሁለት መደበቂያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በኤሌክትሪክ 32 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቀው ጥግ፣ ሌላው 26 አካባቢ በሆነው። መደበቂያው ሞቃቱ ጥግ ብቻ ከሆነ ዘንዶው ከመታየት መጋልን ይመርጣል።

መብራት ሲጠፋ የጉለሌ አሳዳጊ ሙያ ይፈተናል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሰውነቱን ሳይነካ ከሳጥኑ ዳር ያኖራል። ያኔ ጋቢውም ሥራ ያገኛል፤ ሳጥኑ ላይ ሲደረብ የጠርሙሱን ሙቀት ያቆያል። በዚያ ሌሊት ግን አያበላም። ለዘንዶ ሙቀት ማለት ጨጓራ ማለት ነው፤ ከበረደው የዋጠው ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ያስመልሰዋል። መፈጨቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የበርማ ዘንዶ ከበላ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ የልቡ ጡንቻ በ40 በመቶ እንደሚገዝፍ አሳይቷል።

መብራቱ ተመልሶ ሳጥኑ ሲሞቅ፣ አሳዳጊው በረዶ የነበረውን አይጥ በሙቅ ውሃ አሙቆ በረጅም መቆንጠጫ ያቀርባል። የዘንዶው ምላስ ብቅ ጥልቅ ይላል። በከንፈሩ ላይ የተደረደሩት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከጨለማው ውስጥ የአይጡን ሙቀት ይለያሉ። አንገቱ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፣ ከዚያ ዓይን ሳይከተለው ይወረወራል። አይጡ የሞተ ቢሆንም ሁለት ዙር ይጠመጠምበታል፤ ከእንቁላሉ ሲወጣ ይዞት የመጣ ልማድ ነው።

እናቲቱ ስለ ሙቀት ከሁሉ በላይ ታውቃለች። የበርማ ዘንዶ እንቁላሏን ታቅፋ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሙቀት ታመነጫለች። የደቡብ አፍሪካዋ ዘንዶ ግን ይህን አታደርግም። ተመራማሪው ግራሃም አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ በመራቢያዋ ወቅት ቆዳዋ ይጠቁራል፤ ወደ 40 ዲግሪ እስኪጠጋ ፀሐይ ሞቃ ወደ ጉድጓዷ ትመለስና እንቁላሎቹን ትታቀፋለች። ወራቱን ሁሉ አትበላም። ከተፈለፈሉም በኋላ ልጆቿን ለሁለት ሳምንት ያህል በሌሊት ታቅፋ ታሞቃለች። ጠርሙስ ይዞ በሌሊት የሚነሳ አሳዳጊ የእሷን ሥራ በከፊል እየሠራ ነው።

ከሙቀቱ ቀጥሎ እርጥበት ይመጣል። የጉለሌ በጋ ደረቅ ነው፤ በደረቅ አየር አሮጌው ቆዳ ተበጣጥሶ በሰውነቱ ላይ ይቀራል። የዘንዶው ዓይን ወተት የተቀላቀለበት ውሃ ሲመስል አሳዳጊው እጁን ይሰበስባል፤ እርጥብ ሣር መሰል ጉዝጓዝ በመደበቂያው ያነጥፋል። ከቀናት በኋላ ጠዋት ክዳኑን ሲከፍት ሙሉ ቆዳ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ያገኛል። ወደ መስኮቱ ይዞት ይሄድና በብርሃኑ ፊት ከቆዳው ራስ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሰዓት መስታወት የጠሩትን የዓይን ሽፋኖች።