«ስለ ኮካ»፥ የፍሮይድ ጽሑፍ ሲመረመር

ሲግመንድ ፍሮይድ በቪየና ወጣት ሐኪም ሳለ በሐምሌ 1884 እ.ኤ.አ. «ስለ ኮካ» የተባለ ጽሑፍ አሳተመ። ስለ ቅጠሉ ታሪክ የሚናገረው ክፍል ዛሬም ቢነበብ ያስደስታል። ትችታችን ግን በሕክምናው ክፍል ላይ ነው።

ፍሮይድ ኮኬይን ድካምን እንደሚያስወግድ፥ የሆድ ሕመምን እንደሚያስታግስ፥ የሞርፊን ሱሰኛንም ከሱሱ እንደሚያላቅቅ ይገልጻል። ማስረጃው በአብዛኛው በራሱ ላይ ያደረገው ሙከራና ከአሜሪካ መጽሔት ያገኘው ዘገባ ነው። ኮኬይን የነካውን ሥፍራ ማደንዘዙን ግን በመጨረሻ በጥቂት መስመር ብቻ ነክቶ ያልፋል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ሊፈተን የሚችለው ይኸው ነበር፤ አልበርት ኒማን ኮኬይንን ከቅጠሉ ለይቶ ባወጣ ጊዜ ምላስን እንደሚያደነዝዝ ጽፎ ነበርና።

የሥራ ባልደረባው ካርል ኮለር በውሃ የሟሟ ኮኬይን በእንስሳት ዓይን፥ ቀጥሎም በገዛ ዓይኑ ላይ ፈተነ። ውጤቱ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በሃይደልበርግ ለተሰበሰቡት የዓይን ሐኪሞች ተነበበ። ፍሮይድ በ1925 ስለ ራሱ ሕይወት ሲጽፍ፥ ዕድሉ ያመለጠው እጮኛውን ለመጠየቅ በመሄዱ እንደ ሆነ ተናግሯል። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ግን ይህን ምክንያት ለመቀበል ይቸገራል፤ ሐሳቡ ያዘነበለው ወደ ሌላ እንደ ነበረ ገጾቹ ይመሰክራሉና።

ጉዳቱ ክብር በማጣት ብቻ አልቀረም። ፍሮይድ ከሞርፊን ይፈውሰዋል ብሎ ኮኬይን የሰጠው ወዳጁ ኤርንስት ፎን ፍላይሽል የኮኬይንም ሱሰኛ ሆነ፤ በ1891 ሞተ።

የጽሑፉ ዋና ጉድለት የመድኃኒቱን ልዩ ልዩ ኀይሎች አለመለየቱ ይመስለናል። ይህን የለዩት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ናቸው። ኮኬይን ኤስተር ነው፤ ማለት ከአሲድና ከአልኮል መጣመር የተገኘ ነው። የጀርመኑ አልፍሬድ አይንሆርን የኤስተሩን ማያያዣ ሳይተው፥ ሱስ የማያስይዘውን ፕሮኬይንን ሠራ፤ በ1905ም ሃይንሪሽ ብራውን ለቀዶ ሕክምና አዋለው። ይህም ነርቭ ስሜትን እንዳያስተላልፍ ያግዳል፤ በደም ውስጥ ያለ ኤንዛይም ኤስተሩን ቶሎ ስለሚሰብረው ኀይሉ አይቆይም። ከስብራቱ የሚገኘው አሲድ አንዳንድ ሰዎችን አለርጂ ስለሚያስነሣባቸውና በ1943 የተገኘው ሊዶኬይን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያደነዝዝ፥ የፕሮኬይን ሥራ በአብዛኛው ወደ ሊዶኬይን ተላልፏል። ቴትራኬይን የተባለው ኤስተር ግን ዛሬም ለዓይን ጠብታ ያገለግላል።

ስለዚህ «ስለ ኮካ» መነበብ አለበት እንላለን። ብርቱ አእምሮም ቢሆን የተመኘውን ከፈተነው ካልለየ፥ ጥፋቱ በታማሚው ላይ እንደሚወድቅ ያስተምራልና።