ያምናው ጀማሪ

የቅኔ ቤት የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ግን ብዙ ነው። ያ ሁሉ ተማሪ ቅኔ የሚያውቀው ከየኔታ አፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ አይበቃውም ነበር። ጓደኛ ያስተምረዋል። እኔ ከዚህ ቤት ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው።

ጀማሪው ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ቃል ያነሣል፣ ይጥላል፣ ሰሙን ከወርቁ ጋር ለማጋጠም ይደክማል። ቀደም ያለው ተማሪ ያዳምጠውና፣ «ይቺ ግስ እዚህ አትሆንም፤ እንደገና ቁጠር» ይለዋል። ጀማሪው በዚህ አያፍርም። የሚያርመው ሰው ያምና ጀማሪ ነው፤ ያኮፋዳውን ቁራሽም አብረው ነው የሚበሉት።

አራሚውም ያተርፋል። ለራሱ በግምት ያለፈውን ግስ ለሌላው ሊያስረዳ ሲል ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ሲደርስ ይህ ድካም ይክሰዋል። የኔታም ቢሆኑ ተራውን ስሕተት ሲለቅሙ አይውሉም፤ ጉልበታቸው ለምሥጢሩና ለረቀቀው አገባብ ይተርፋል። እዚያ መምህርነት የሚጀምረው ገና ተማሪ ሳሉ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ያምናውን ጀማሪ ከዘንድሮው ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጡት። እናንተም አንዳችሁ ወደ ሌላው ክፍል ገብታችሁ አዳምጡ።