«መኪና ላይ ያስመልስሻል?»

በኦፕራሲዮን ዋዜማ ዋርድ ገብቼ ስለ ልብ፣ ስለ አስም፣ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጠይቄ ስጨርስ የማልዘላት ጥያቄ አለች፦ «መኪና ላይ ያስመልስሻል?» አንዳንዷ ትስቃለች። ሌላዋ ከደሴ አዲስ አበባ እስክትደርስ ስንት ፌስታል እንደምትጨርስ ታጫውተኛለች። እኔም የነገውን መድኃኒት እዚያው አልጋዋ ጠርዝ ላይ እወስናለሁ።

ጀርመናዊው የሰመመን ሐኪም ክርስቲያን አፕፍልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፕራሲዮን በኋላ የማስመለስን ዕድል ለመገመት ባሳተሙት ነጥብ አሰጣጥ አራት ነገሮች ይቆጠራሉ፦ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ መኪና የሚያስመልሰው ወይም ካለፈ ኦፕራሲዮን በኋላ ያስመለሰው መሆን፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሞርፊን ወገን ማስታገሻ መውሰድ። አንዱም ከሌለ ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ አራቱም ካሉ 80 ይጠጋል። የእኛ አገር ሴቶች አብዛኞቹ አያጨሱም፤ ስለዚህ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳይወጡ ሁለት ነጥብ ይዘው ይመጣሉ። የሞርፊን ወገን የሆነው ፔቲዲን ሲታዘዝላቸው ሦስት ይሆናል፤ 60 በመቶ። (ሲጋራ ለአንድ ነገር ጠቀመ ማለት ነው፤ ለማንም አትንገሩ።)

ልማዳችን ግን በሽተኛው እስኪያስመልስ ጠብቆ «ፕላዚል ስጡት» ማለት ነው። በተለመደው የ10 ሚሊግራም መጠን ፕላዚል ለዚህ ጉዳይ ደካማ ነው። ርካሹ ዴክሳሜታሶን ይሻላል፤ ቶሎ ስለማይሠራ ግን መጀመሪያ ላይ መሰጠት አለበት፤ ያውም በሽተኛው ከተኛ በኋላ። ነቅቶ ሳለ በፍጥነት ከተገፋ በብልት አካባቢ ድንገተኛ ማሳከክና ማቃጠል ያመጣል፤ ሰውየው ከጠረጴዛው ሊዘል ይቃጣዋል። ኦንዳንሴትሮን 4 ሚሊግራም ደግሞ ወደ ማለቂያው፣ ስፌት ሲጀመር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሰፊ ጥናት እያንዳንዳቸው አደጋውን በሩብ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። 60 የነበረው በአንዱ ወደ 45፣ በሁለቱ ወደ 33 ይወርዳል።

ስፓይናል የሚባለውን የጀርባ ማደንዘዣ ተወግታ በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት ጉዳይ ሌላ ነው። ከተወጋች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ታዛጋለች፣ ከንፈሯ ይገረጣል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ ከዚያ «አጥወለወለኝ» ትላለች። እኔ ማዛጋቷን ሳይ ነው የምነሳው፤ ግፊቷ እየወረደ ነው። ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫነው ጠረጴዛውን ወደ ግራ አዘነብላለሁ፣ ፈሳሹን እለቅቃለሁ፣ ኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን እሰጣለሁ። ግፊቱ ሲመለስ ማጥወልወሉ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሄዳል፤ የማስመለስ መድኃኒት ሳይነካ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሪከቨሪ ውስጥ የሚያስመልስ አይጠፋም። መጀመሪያ ወደ ጎን ማዞር፣ ሳክሽኑን ማቅረብ፣ ግፊቱን ማየት። ከዚያ ቀደም ካልተሰጠው ወገን ሌላ መድኃኒት መምረጥ፤ 6 ሰዓት ሳይሞላ ያንኑ መድገም ትርፉ ትንሽ ነው። መድኃኒቱ ከፋርማሲ እስኪመጣ አልኮል የነካ ጥጥ የበሽተኛዋ አፍንጫ ሥር ይዤ በረጅሙ እንድትስብ አደርጋለሁ። ባህላዊ ይመስላል እንጂ በጥናት የተደገፈ ነው።

ዋርድ ስትደርስ አስታማሚዋ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዛ ትጠብቃለች። «እንድትጠጣ አታስገድዷት፣ ሲጠማት ራሷ ትጠይቃለች» እላለሁ፤ እናቶች እሺ ይሉኛል፣ ከበሩ ስወጣ ይቀዱላታል። ስለዚህ አሁን አሁን ይህን የምነግረው ለተረኛዋ ነርስ ነው፤ ካርዱ ላይ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ በትልቁ ጽፌ።