ጅብ ሳይመጣ የሚጮኸውን ማን ያብላው?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ውሻው መዘግየት እስኪበቃን ተርተናል። ስለ ቀለቡ ግን ያነሳ የለም። ጅብ በማይመጣባቸው በእነዚያ ሁሉ ሌሊቶች ውሻውን የሚያበላው ማነው?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የአውስትራሊያ ሰደድ እሳት ነው። «የራሳችን ጉድ አልቆ ነው?» የምትሉኝ አትጠፉም። አላለቀም። ግን እዚያም እኮ ብዙ ወገን አለን። አንዱ ሜልበርን ያለ ባለታክሲ ወዳጄ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የጫካው ጭስ ከተማው ድረስ ገብቶ ባፈነው ሰሞን ደወልኩለት። «ኧረ ምንም አልሆንም፤ እሳቱ የት እንደደረሰ ስልኬ ላይ በካርታ አየዋለሁ» አለኝ። ቀጠለና ደግሞ፣ «የሚገርመኝ በዚህ ዘመን ለሬዲዮ ጣቢያ ግብር መክፈላችን ነው» አለ።

የከተማ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ከሜልበርን በስተምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ማላኩታ የምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር አለች። ዲሴምበር 31 ቀን 2019 እሳቱ ሲደርስባት 4,000 ያህል ሰው ወደ ውሃው ዳር ሸሸ። ሰማዩ በጠዋት ጨለመ፤ ቆይቶም ደም መሰለ። መብራት ጠፋ፣ ስልክም ተቋረጠ። ልብ በሉ፤ እሳቱ ከስልኩ ካርታ ላይ ጠፋ እንጂ ከፊታቸው አልጠፋም። ባሕር ኃይል ደርሶ ከሺህ በላይ ሰው በመርከብ እስኪያወጣ ድረስ፣ ለብዙው ሰው የቀረው ወሬ ነጋሪ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ነበር። በሬዲዮው የሚናገረው ደግሞ ወዳጄ ግብሩን የሳሳለት የሕዝብ ማሰራጫ፣ ኤቢሲ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሲዘገይ ምን እንደሚያስከፍል አገሪቱ ቀድማ ታውቃለች። «ጥቁር ቅዳሜ» በሚሏት ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009፣ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት 173 ሰው ሞተ፤ ከ2,000 በላይ ቤት ተቃጠለ። በኋላ የተሰየመው አጣሪ ኮሚሽን ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ማስጠንቀቂያው ለብዙዎች ዘግይቶ መድረሱ፣ ለአንዳንዶቹም ጭራሽ አለመድረሱ ነው። የእሳት መረጃ የሚሰጠው የስልክ መስመርም ተጨናንቆ ብዙ ደዋይ መልስ አላገኘም።

ታዲያ ይህን ያየ መንግሥት ለማስጠንቀቂያው ቀለብ ቆረጠለት? እንዴት ተደርጎ! በ2018 የወጣው በጀት የኤቢሲ ድጎማ ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ ለሦስት ዓመት ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዳያድግ አገደው። የታጣው ገንዘብ ወደ 84 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይጠጋል። እገዳው በጀመረበት በዚያው ዓመት እሳቱ መጣ። ጣቢያው በ2018/19 ለ371 አደጋዎች አስቸኳይ ስርጭት ሰጥቶ ነበር፤ በቀጣዩ የበጀት ዓመት ቁጥሩ ከ900 አለፈ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተለየ ገንዘብ ግን አልነበረም። ሁሉም አመሰገነ፣ አጨበጨበ። እሳቱ ጠፍቶ ጥቂት ወራት እንደሄዱ፣ በጁን 2020፣ ጣቢያው እስከ 250 የሚደርሱ የሥራ መደቦችን እንደሚያጥፍ አስታወቀ። ምስጋና ደመወዝ አይሆንም።

የመንግሥትም ክርክር ውኃ የሚያነሳበት አለው። በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ላይ አብቃቅታችሁ ሥሩ ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ኤቢሲም ከወቀሳ አይድንም። በጃንዋሪ 2017 ለሰሜኑ ግዛት ሩቅ ገጠሮች የሚያሰራጨውን አጭር ሞገድ ራሱ ዘጋ፤ የሚተርፈው 1.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከብት አርቢው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ነባሩ ሕዝብ «እኛስ?» ብሎ ጮኸ። ችግሩም ይኸው ነው። የማስጠንቀቂያው ገንዘብ ከድራማውና ከስፖርቱ ጋር በአንድ ከረጢት ሲታሰር፣ ቁጠባ የመጣ ዕለት መጀመሪያ የሚጎድለው የሩቁ አድማጭ ድርሻ ነው።

«እንግዲያው መንግሥት ለብቻው ይቁረጥለት» ብሎ መጨረስ ይቻል ነበር። ይህም መዘዝ አለው። የሚያጎርስ እጅ አፍ መዝጋትም ይችላል። እሳቱ ለምን ተስፋፋ፣ ማን ዘገየ ብሎ የሚጠይቀው ያው ጣቢያ ነዋ! ስለዚህ ገንዘቡ በሚኒስትር ቸርነት የሚመጣ መሆን የለበትም። ለብዙ ዓመት በሕግ የታሰረ፣ ለማስጠንቀቂያ ሥራ ብቻ የተለየ፣ አወጣጡም ለፓርላማ የሚመረመር ይሁን። ከ2023 ጀምሮ የሕዝብ ማሰራጫዎች በጀት ለአምስት ዓመት እንዲሆን ተደርጓል። መልካም ነው። ግን ዘመኑ ስለረዘመ የማስጠንቀቂያው ድርሻ ተጠበቀ ማለት አይደለም።

በዚያ አገር በጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በሜይ ነው። ሜይ ለእነሱ ብርድ የሚገባበት ወር ነው፤ ጭስ የሚሸተው የለም። ወዳጄም ቢሆን ሬዲዮውን የናቀው ስልኩ እየሠራ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል ይህን ሁሉ ዘረዘርኩለት። «ገንዘቡ እኮ እሳት በሌለበት ዓመትም ይወጣል» አለኝ። ለታክሲው በየዓመቱ ኢንሹራንስ ይከፍል እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሳልከፍል እንዴት እነዳለሁ?» አለ።

«ባልተጋጨህበት ዓመትስ ገንዘብህን መልሱልኝ ትላለህ?»

ሳቀና ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እናቴ እዚህ መጥታለች፤ ስልኩንም እንግሊዝኛውንም አትችልበት» አለኝ። «ቀን ቀን ሥራ ስወጣ ብቻዋን ናት። ለሷ አንድ የባትሪ ሬዲዮ ልግዛላት ይሆን?»